በስሜ ጻፈው

የከተማው ውሃ ቢሮ ቧንቧ ጠጋኝ ተስፋነህ የመስመሩን ባልቦላ ዘግቶ ሲመለስ እማማ ፈንታነሽ ጉድጓዱ አፋፍ ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። ዶማቸውን አልደበቁትም፤ ከጎናቸው ጭቃ ላይ ተጋድሟል። ከጉና ተራራ ግርጌ ወደ ከተማ የሚወርደው ጥቁር ቧንቧ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ፣ ከንጋት ጀምሮ የፈሰሰው ውሃ የድንቹን መደብ ጠርጎት ወርዷል።

ማን እንደሰበረው መጠየቅ አላስፈለገውም። ማመን ያቃተው እሳቸው መሆናቸውን ነው። እማማ ፈንታነሽ የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። አምና የገዛ ወንድማቸው ልጅ ይሻው ይህንኑ ቧንቧ በምስማር በስቶ በጎቹን ሲያጠጣ ይዘው ለቀበሌ ያስረከቡት፣ ፍርድ ቤትም ቀርበው የመሰከሩበት እሳቸው ናቸው። ይሻው ሁለት ወር ታስሮ ወጣ።

ተስፋነህ ደሙ ፈላ። ቦት ጫማው ውሃ ገብቶበታል፤ ከገሳይ ወዲህ ያለውን አቀበት ሞተር ሳይክሉን እየገፋ ነው የወጣው። ሆስፒታሉ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንደሌለው፣ ለማዋለጃ ክፍሉ በጀሪካን እየተመላለሱ መሆኑን፣ ይህ ሥራ ለዓመታት እንደሚያሳስር እየጮኸ ነገራቸው። ሲጨርስ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጠበቅ አደረጉና፣

“ስርጉትም እዚያው ናት” አሉት።

ስርጉት ምራታቸው ናት። የሰባት ወር እርጉዝ ሆና፣ የዛሬ ሦስት ቀን፣ ከገደሉ ሥር ውሃ ቀድታ ስትወጣ ከነጀሪካኑ ተንሸራተተች። ልጁ አልተረፈም። ትናንት ከተኛችበት ደውላ ነበር። እዚህ ውሃው ከግድግዳው ነው የሚወርደው፣ ቀመስኩት፣ የኛው ነው እማየ፣ ብላ አልቅሳ ስልኩን ዘጋችው።

እውነቷን ነው። ምንጩ የሚፈልቀው ከእማማ ፈንታነሽ እርሻ ራስጌ ነው። ከአራት ዓመት በፊት ምንጩ በግንብ ታጥሮ ሲጎለብት መሬቱን የለቀቁት ለመንደሩ የጋራ የውሃ ቦኖ ይሠራል ተብለው ነው። ቦኖው ተሠራ፤ ሪባንም ተቆረጠ። ተስፋነህ ደብረ ታቦር ሙያውን ተምሮ ከወጣ በኋላ የመጀመሪያ ሥራው እሱ ነበር፤ ሁለቱን የቦኖ አፎች የገጠማቸው በገዛ እጁ ነው። ውሃ ግን ከምረቃው ቀን ሌላ አንድም ቀን አልወረደባቸውም። ለከተማው አይበቃም ተባለና ወደ ቦኖው የሚሄደው መስመር ተዘጋ። መንደሩ ስምንት ጊዜ አመለከተ። መስመሩ ቢከፈት ከተማው እንደማይጎዳ ተስፋነህም ሁለት ጊዜ ሪፖርት ጽፎ አስገባ። ለእሱም መልስ የሰጠው የለም።

ይህን ሲያስታውስ በማን እንደሚናደድ ጠፋበት። የተሰነጠቀውን በመጋዝ ቆርጦ ወረወረው። አዲሱን ቁራጭ አመጣና ጫፉን እንዲይዙለት ጠየቃቸው። ወረዱ። እስከ ቅልጥማቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ያዙለት።

እየገጠመ፣ ቀና ብሎ ሳያያቸው፣ የወሰነውን ነገራቸው። ናዳ ሰበረው ብሎ ይጽፋል። ዝናቡ ሰንብቷል፣ የሚጠራጠር አይኖርም። እሳቸው ዶማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይሂዱ።

እማማ ፈንታነሽ ቧንቧውን ለቀቁት።

“ናዳ አልሰበረውም” አሉ።

“እማማ፣ ላድንዎት ብዬ ነው።”

“ከምኑ ነው የምታድነኝ? ናዳ ነው ካልክ ድንጋይ ወረደ፣ ተጠገነ፣ አለቀ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም።” ዶማቸውን በጣታቸው አመለከቱት። “እኔ ነኝ የሰበርኩት። በስሜ ጻፈው።”

ተስፋነህ ተለማመጣቸው፤ ቀጥሎም ተቆጣ። በዚህ ዕድሜያቸው የእስር ቤት ወለል ላይ ሊተኙ ነው ወይ አላቸው። እሳቸው ግን ይሻውን አነሱበት። ለገዛ ሥጋቸው ያላለዘቡትን ሕግ ዛሬ ለራሳቸው ቢያለዝቡት፣ ያን ጊዜ ስለምን ምለው መሰከሩ?

“ስርጉትስ?” አለ በመጨረሻ። “ዛሬ ውሃ ያጣችው እሷም አይደለችም?”

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ከእሱ ላይ አነሱ።

“በእሷም ላይ ነው የሰበርኩት። አውቄ ነው” አሉ። “ስለዚህ ነው ጻፈው የምልህ። አውቆ ያጠፋ ሰው ስሙን አይደብቅም።”

ከዚያ ጎንበስ ብለው ቧንቧውን መልሰው ያዙለት። ተስፋነህ መገጣጠሚያውን አጠበቀ፤ ወደ ላይ ወጥቶም ባልቦላውን ከፈተ። ውሃው ታፍኖ የቆየውን አየር እየገፋ፣ በተዘጋው ቦኖ አጠገብ አልፎ ወደ ከተማ ወረደ።

የብልሽት ቅጹን ከጃኬቱ ኪስ አወጣ። “ምክንያት” ለሚለው የተተወው አንድ መስመር ብቻ ነው። እሳቸው እየተናገሩ እሱ ጻፈ፤ ስለ ምንጩ፣ ስለ ቦኖው፣ ስለ ስምንቱ ማመልከቻ፣ ስለ ስርጉት። መስመሩ ሲያልቅበት ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ቀጠለ። ማንም ሳይጠይቀው ሁለቱ ሪፖርቶቹ የገቡበትን ቀን ጨመረ፤ ከሥሩም የራሱን ስም ሞልቶ ጻፈ።

ለአሻራ የሚሆን ቀለም አልያዘም። እማማ ፈንታነሽ አውራ ጣታቸውን ጥቁሩ ጭቃ ውስጥ ነከሩና ወረቀቱ ላይ ጫኑት።

አሁን ቢታጠፍ አሻራው ይጠፋል። ተስፋነህ ወረቀቱን በሁለት እጁ ለነፋሱ ዘርግቶ ቆመ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ይጠራል፤ ቢሮው ነው። ጭቃው እስኪደርቅ አላነሳውም።