ስልሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር

አገሪቱ ትንሽ ናት። መብራቷ ከውሃ፣ ከነፋስና ከፀሐይ መምጣት ከጀመረ ወዲህ የናፍጣ ሞተሮቿ አንድ በአንድ ተነቅለዋል። የቀረው ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለው ብቻ ነበር፤ እሱም የሆስፒታሉ ትልልቅ ባትሪዎች እስኪገቡ ድረስ በመጠባበቂያነት ይቆያል። መመሪያው አጭር ነው፦ በሞተሩም ሆነ በናፍጣ ታንከሩ ላይ ብልሽት ከተገኘ አይጠገንም፤ በዚያው ቀን ይነቀላል።

አንድ ቀን ሞተሮቹን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጥቆማ ደረሰው። ግቢው ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፤ ሳይሰረቅ አይቀርም።

የተላከው ተቆጣጣሪ ወጣት ነው። ሁሉን ነገር ሁለቴ ይለካል፤ በር ቆልፎ ሄዶ፣ ተመልሶ ይነቀንቃል። በዚህ ጉዳይ ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለበት። እናቱ በዚያው ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በማሽን ነው የምትተነፍሰው።

"ጋሽ ናፍጣ ናቸው፤" አለችው የበሩ ጥበቃ። የሞተሩን ጠባቂ ሁሉም እንዲያ ነው የሚላቸው። "በየቀኑ ጀሪካን ይዘው ይገባሉ፣ ጀሪካን ይዘው ይወጣሉ።"

"ፈትሸሻቸው ታውቂያለሽ?"

"ሠላሳ ዓመት እዚህ የኖሩትን ሰው? ኧረ አፍራለሁ!" ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ሞተር ብስክሌታቸውንም ሸጠዋል አሉ። ሰው ሲያልፍለት መኪና ይገዛል፤ እሳቸው እቴ በእግር ሆኑ።"

"ሰው እንዳይጠረጥራቸው ነዋ፤" አለና መዘገበው።

ሦስት ቀን ከእናቱ አልጋ አጠገብ ባለው መስኮት ተመለከተ። ሽማግሌው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀሪካን ይዘው፣ አንድ ትከሻቸው ዘንበል ብሎ፣ እግራቸውን እየጎተቱ ይገባሉ። የሽማግሌ አጥንት ጠዋት አይፍታታም። አሥር ሰዓት ላይ ጀሪካኑን እያወዛወዙ ይወጣሉ። ሥራው የቀናው ሰው አካሄድ ነው።

በአራተኛው ቀን ታንከሩን መረመረ። ክዳኑ ደህና ነው። ከታንከሩ በስተጀርባ ያለው ሣር ቢጫ ሆኗል። የመለኪያውን ዘንግ አስገብቶ አወጣ፤ ስልሳ ሁለት ሴንቲ ሜትር። ደገመው፤ ስልሳ ሁለት። መዝገቡን ገለጠ፤ ለአራት ወር በየቀኑ ስልሳ ሁለት።

"ጋሼ፣ ሞተሩ በየሐሙሱ ግማሽ ሰዓት ይሞከራል። ናፍጣው እንዴት አይጎድልም?"

"ስልሳ ሁለት ካለ ቀኑን ሙሉ ያሠራል። እኔ የምጠብቀው እሱን ነው።"

"በወሰዱት ልክ ውሃ ይጨምሩበታል፤ አይደል?"

ሽማግሌው ሳቁ። "የኔ ልጅ፣ ሠላሳ ዓመት ያሳደግሁትን መርዝ አላጠጣውም።"

"ጀሪካኑስ?"

ሳቃቸው ጠፋ። "እናትህ ሁለተኛ ፎቅ ናቸው አሉ። ባትሪዎቹ ሊገቡ አርባ ቀን ነው የቀረው። አርባ ቀን ብቻ ተወኝ። ከዚያ ራሴው መጥቼ እነግርሃለሁ።"

የእናቱን ነገር ማንሣታቸው ማስፈራሪያ መሰለው። ቢሆንም የእገዳውን ደብዳቤ ጽፎ ቀደደ፤ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ አለቃው ጋ ደወለ።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤" አለ አለቃው። "ፈርመህ ላከው።"

ሽማግሌው ታገዱ። ተቆጣጣሪው ከናፍጣው ቀድቶ ለምርመራ ላከ። ውጤቱ እስኪመጣ ክዳኑን በሁለት ቁልፍ ቆለፈ፤ በላዩ ፊርማው ያለበት ወረቀት አንጠልጥሎ በእርሳስ ማኅተም አተመው። ጠብታ እንዳይባክን የሐሙሱንም ሙከራ አስቀረ።

ጋሽ ናፍጣ በር ላይ ቁልፋቸውን ሲያስረክቡ እጁን ያዙት። "እሺ፣ እኔ ልሂድ። አንተ ግን በየቀኑ ለካው።"

"የታተመ ነገር አይለካም፤ ጋሼ።"

ውጤቱ በአሥራ ስምንተኛው ቀን መጣ። ንጹሕ ናፍጣ ነው፤ ውሃ የለበትም። ተቆጣጣሪው ሦስቴ አነበበው። "ውሃውን ሳይጀምሩ ደርሼባቸው ነው፤" ብሎ ራሱን አጽናና።

በማግስቱ ሰማዩ ጠቆረ፤ ነፋሱም ቀጥ አለ። ረፋዱ ላይ ከግድቡ የሚመጣው መስመር ተቋረጠ። ተቆጣጣሪው ሁለተኛ ፎቅ ሲደርስ ማሽኑ ጸጥ ብሏል፤ ነርሷ የአየር ከረጢት በእጇ እየጨመቀች እናቱን ታስተነፍሳለች።

"ሞተሩ ምን ነካው? እጄ ዝሏል!"

"አሁን ይነሣል፤" አላትና ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

አዲሱ ጠባቂ ሞተሩን አስነሣው። ሁለቴ አስሎ ጠፋ። እንደገና ሞከረ። አሁን ማሳልም አቃተው።

ተቆጣጣሪው ወደ ታንከሩ ሮጠ፤ ቢጫው ሣር ከእግሩ ሥር ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሁለቱም ቁልፎች እንደተቆለፉ ናቸው። የእርሳሱ ማኅተም አልተነካም፤ በላዩ ላይ ያለው የገዛ ፊርማው ነው። ማኅተሙን በጥሶ፣ ቁልፎቹን ከፍቶ፣ ዘንጉን እስከ ታች ድረስ ሰደደው።

ዘንጉ እስከ ጫፉ ደረቅ ሆኖ ወጣ።