አረፋ ያጣው ጠላ

ለሚስቱ ተዝካር የጠመቀው ጠላ አረፋ አልይዝ አለው። ብቅሉም ጌሾውም እሷ አዘጋጅታ ያስቀመጠችው ነው፤ አጠማመቁንም አጠገቧ ቆሞ ዓመታት አይቷል። ሲቀዳ ግን እንደ ውሃ ዝም ይላል። የእሷ ጠላ ጉሮሮ ቆንጥጦ ነበር የሚወርደው፤ ሰፈሩም ይህን አይረሳም።

ጎረቤቱ እትዬ ስንቅነሽ መጥተው የበርሜሉን ክዳን ላስቲክ ቀየሩለት፤ ዙሪያውንም በሊጥ መረጉለት። በሳምንቱ ተመልሰው ቀመሱና ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ስማ እንጂ፣ ይሄን በርሜል የሚከፍት አለ። ትንፋሹ እየወጣ እንዴት አረፋ ይያዝ?»

«ድመቷ ትሆናለች፣ እትዬ።»

«ከፍታ ስታበቃ መልሳ በሊጥ ትመርገዋለች? ድመቴ ሊጥ ታቦካለች በለኛ!»

እንደገና መረጉት። «እስከ ተዝካሩ እንዳትነካው! በሰው ፊት የሚስትህን ስም በክፉ እንዳታስነሳ» አሉት።

«አልነካውም» አለ፤ ከልቡ ነበር።

በማግስቱ ከሥራ ሲገባ፣ እንደ ድሮው «እንዴት ዋልክ?» የምትለው ሚስቱ የለችምና ቤቱ ጭጭ ብሎ ጠበቀው። ኮቱን ሳያወልቅ በርሜሉ አጠገብ ተንበረከከ፤ ሊጡን በጥፍሩ ፈልቅቆ ክዳኑን ላላ አደረገው። ከውስጥ ረጅም ትንፋሽ «እፍፍ» ብሎ ወጣ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ፤ «አንቺስ እንዴት ዋልሽ?»