በሌላኛው መስመር

"ድምፅሽን ከራስሽ በላይ እችልበታለሁ፣ እማ" አለች ሮዌና፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ።

እናቷ ዶሪን ጉሮሮዋ ላይ በወጣው ዕጢ ድምጿ ከጠፋ ሦስት ወር ሆኖታል። ዕጢውን የሚያወጣላት ሐኪም ሌክሲንግተን ከተማ አለ። ኢንሹራንሷ ግን ከራሱ ሐኪሞች ውጪ ለሆነ ሐኪም ያለ ልዩ ፈቃድ አይከፍልም፤ ፈቃዱን ደግሞ ታማሚዋ ራሷ በአንደበቷ መጠየቅ አለባት።

ዶሪን ወረቀት ላይ "ያስሩሻል" ብላ ጻፈች።

"እስር ቤት ቢያንስ ሐኪም አለው" አለችና ሮዌና ድምጿን አጎረነነች። "ዶሪን ፕሩዊት ነኝ፣ የኔ ማር። ስለ ፈቃዱ ነበር።"

ስልኩን ያነሳችው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ መለሰችላት። "ይቅርታ እመቤቴ፣ ወይዘሮ ፕሩዊት እኮ በሌላኛው መስመር ላይ ናቸው። ጥያቄውን እያሰረዙ ነው። ላገናኝዎት?"

ሮዌና ዞር አለች። እናቷ ከንፈሯን ግጥም አድርጋ ስልኩ ላይ አፍጥጣለች።

ከስልኩ ውስጥ የእናቷ ድምፅ እንደ ድሮው ጥርት ብሎ ወጣ።

"ዝጊው፣ ሮዌና። እኔን መምሰል ድሮም አይሆንልሽም።"