የአማት ቃል

«ቁመቱ ረጅም ነው» አልኩ። ጸሐፊዋ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳችና አባን አየቻቸው።

አባ ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉ። «እናቴ፣ ነበር እንበል። ወረቀቱ ሀገረ ስብከት ነው የሚሄደው። ነው ካልን ሰውየው በሕይወት አለ ማለት ይሆንብናል።»

ነበር አልኩ። ጸሐፊዋ ጻፈች።

የመጣሁት ልጄ መሞቱን ልመሰክር ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በሜካኒክነት የሚሠራባት የጭነት ጀልባ አሥራ አንድ ሰው እንደያዘች ወጥታ ቀረች። የሰባቱን አስከሬን ውሃው መለሰልን። ልጄ ካልተገኙት ከአራቱ ነው። ሚስቱ ግን ትታኝ አልሄደችም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቤት ኖርን፣ እግሬ ሲያብጥ አሸችኝ፣ ሆስፒታል ለሆስፒታል አብራኝ ተንከራተተች። አሁን አንድ ቧንቧ ሠራተኛ ሊያገባት ጠይቋል። ዝምተኛ ነው፤ ቤታችን ሲመጣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ነው የሚገባው። የጋብቻ ትምህርቱን ከጀመሩ ሁለት ወር ሆናቸው። ቤተ ክርስቲያን ግን የመጀመሪያው ባሏ መሞቱን ሳታረጋግጥ አታጋባትም። አስከሬን የለ፣ መቃብር የለ። የቀረው የእናት ቃል ነው።

ሁለቱም ውጭ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። ምራቴ አልለመነችኝም፤ እኔው ነኝ እሄዳለሁ ያልኩት። ጠዋት ከቤት ስወጣ ቀላል መስሎኝ ነበር።

አባ እጄን ወንጌሉ ላይ አስጭነው ካስማሉኝ በኋላ ጥያቄውን አንድ በአንድ ያነቡልኝ ጀመር። ከሚስቱ ተጣልቶ ያውቅ እንደሆነ፣ ጥሎ የሚጠፋበት ምክንያት ይኖረው እንደሆነ ጠየቁኝ። ኧረ ምንም አልኳቸው።

«አንድ ዐመል ብቻ አለው፣ ይዘገያል። የሠርጉ ዕለት እንኳ እርስዎን መሠዊያው ፊት ሰዓት ሙሉ ገትሮ፣ ሙሽራዋ ከያዘችው አበባ ጋር አብራ ጠወለገች።»

አባ ትዝ ብሏቸው ፈገግ አሉ። ጸሐፊዋም ሳቋ አመለጣት። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ይዘገያል ልበል፣ ይዘገይ ነበር?» አለችኝ።

«እንደሚሆን አድርጊው» አልኳት።

ቀጥለው ፍትሐት አስደርጌለት እንደሆነ ጠየቁኝ። የሌሎቹ ቤተሰቦች፣ አስከሬን ያላገኙትም ጭምር፣ አስደርገዋል። እኔ አላስደረግሁም። አባ ይህን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ለወረቀቱ ሲሉ ነው የጠየቁኝ። ለምን ብለው ግን አልጨመሩም።

«ከዚያን ቀን ወዲህ ከእሱ የመጣ፣ ወይም ስለ እሱ የሰሙት ነገር አለ?»

ለማንም ያልተናገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። አሁን ምያለሁና ነገርኳቸው። በሁለተኛው ዓመት ነው፣ አንድ እሑድ ከሰዓት። ምራቴ ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ወጥታለች። ስልኩ ጮኸ። ሃሎ ስል መልስ የለም፤ መስመሩ ግን አልተዘጋም፣ ከወዲያ ሰው ይተነፍሳል። በስሙ ጠራሁት። ትንፋሹ ቆም አለ። ደግሜ ጠራሁት። ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት፣ ከሐኪም ቤት በቀር፣ ከስልኩ ርቄ አላውቅም። ምራቴ ከቤት የማልወጣው እግሬ እያመመኝ ይመስላታል።

ጸሐፊዋ መጻፏን ተወች። አባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ይህ ከተጻፈ ሀገረ ስብከቱ ነገሩን ማጣራት እንዳለበት፣ ዓመትም ሁለት ዓመትም ሊፈጅ እንደሚችል፣ በመጨረሻም አይሆንም ሊባል እንደሚችል ቀስ ብለው አስረዱኝ። ይደብቁ አልልዎትም አሉኝ። የሚጻፈው እኔ በልቤ እውነት ነው የምለው ነው።

«እሱ ነበር ብለው ያምናሉ?»

ምራቴ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። ይህን አሰብኩ። ግን የመለስኩት እሷን አስቤ አይደለም። ያን እሑድ አሰብኩ፤ ሁለት ጊዜ ስሙን ስጠራ የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ልጄን የወለድኩት እኔ ነኝ። እናቱ እየጠራችው ስልክ የሚዘጋ ልጅ አልወለድኩም። ይህን ያኔውኑ፣ እጀታውን ሳስቀምጥ አውቄዋለሁ።

«ልጄ ቢሆን ኖሮ አቤት ይለኝ ነበር» አልኩ። ወደ ጸሐፊዋ ዞርኩ። «የተሳሳተ ቁጥር ነበር። እንደዚያ ብለሽ ጻፊ።»

ጻፈች። ሦስት ቦታ ፈረምኩ። አባ ፍትሐቱን ለቅዳሜ እንያዘው ወይ ሲሉኝ ያዙት አልኳቸው። ብድግ ስል ክንዴን ሊደግፉኝ መጡ፤ በራሴ ወጣሁ።

ምራቴ ስታየኝ ተነሳች። «አበቃ፣ ልጄ» አልኳት። እፎይ ትላለች ብዬ ነበር። እሷ ግን አፏን በእጇ ያዘች፣ መልሳ ተቀመጠች፣ ከዚያ እሪታዋን ለቀቀችው። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊቴ አንድ ቀን አልቅሳ አታውቅም። እኔ ይመጣል እያልኩ፣ እሷ በምን አፏ ታልቅስ?

አጠገቧ ተቀመጥኩና ራሷን ደረቴ ላይ አስደገፍኳት። የእኔም እንባ መጣ። በስሙ እየጠራነው፣ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ለቅሶ ተቀመጥን።

ቧንቧ ሠራተኛው ተነሥቶ ቆመ። እጁን ወደ ትከሻዋ ሰደድ አደረገና መለሰው። ከዚያ ኮቴውን ሳያሰማ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄደ፤ ጀርባውን ሰጥቶን፣ የሚያነብ ይመስል፣ አንድ ወረቀት እንኳ ያልተለጠፈበት የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆመ።