የማክሰኞዋ ተንከባካቢ

መንግሥት ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የአገልግሎት መረጃ ላይ፣ በቤት ቁጥራችን አንጻር፣ የአልጋ ቁራኛ ለሆነችው እናቴ ማክሰኞ ማክሰኞ ተንከባካቢ እንደሚመጣላት ተጽፏል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደጃችንን የረገጠ የለም። ዛሬ ማክሰኞ በሩን ቆልፌባት፣ ደሜ እየፈላ መረጃውን ወደሚመዘግበው ቢሮ ሄድኩ።

ቁልፌን የመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ወርውሬ፣ "ይሄ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው" አልኩት።

"እህቴ፣ የዛሬውም መረጃ እኮ አሁን ገባ" ብሎ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ። "አራት ሰዓት፤ ገላቸውን ታጥበዋል፤ ፀጉራቸው እየተበጠረ ነው" ይላል።

ውሸታቸውን ከራሷ አፍ እንዲሰማ፣ እዚያው ፊቱ እናቴ ጋ ደወልኩና የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት።

"ምነው ልጄ፣ ሰው እንደምትልኪልኝ ሳትነግሪኝ ትሄጃለሽ?" አለች። "ደግ ሴት ናት። እጇ ብቻ ይቀዘቅዛል።"

የቤታችን ቁልፍ አንድ ብቻ ነው። እዚያው ጠረጴዛው ላይ፣ እንደወረወርኩት ተቀምጧል።