ደንበኛ ፊት ያለችው ቁልፍ

ሰው ከፎቶ ሲጠፋ ከፎቶው ባለቤት ትዝታም መጥፋት ከጀመረ አራት ዓመት ሆኖታል። የኮምፒውተሩ ማጥፊያ ብሩሽ የሚሠራው ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ኦልት የምትባል ቁልፍ ተጭነው ሲይዟት ነው። ሄልሲንኪ የፎቶ ሥራ ስማር ቁልፏ በባለሙያው አውራ ጣት ሥር ነበረች። ዲላ ተመልሼ ፎቶ ቤት ስቀጠር ግን ባለቤቱ ጋሽ ደባልቄ ለብቻዋ አውጥተው ደንበኛው ፊት አስቀምጠዋታል።

«ሥራ ታጓትታለች እኮ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ታጓትት።»

በማግሥቱ ወደ ራሴ ኪቦርድ ልመልሳት አስቤ ነበር።

በዚያው ቀን ግን ልብስ ሰፊዋ ዘርፌ ጥሏት የሄደውን ባሏን ከፎቶ ልታስጠፋ መጣች። በፎቶው ላይ አራስ ልጃቸውን ታቅፏል።

«ኮቱን ቀስ ብለሽ አጥፊ፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ» ብላ እየሳቀች ቁልፏን ተጫነች።

ፊቱን አጠፋሁ፤ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ደረቱን። ልጁን የያዙት እጆች ጋ ስደርስ ብሩሹ ቆመ። ዘርፌ ጣቷን አንስታ ወደ ስክሪኑ ተጠግታለች።

«ይሄ የእጅጌ ዘምዘማት የኔ ስፌት ነው» አለች። «እጆቹ ግን የማን ናቸው?»

ጋሽ ደባልቄን አየኋቸው። እሳቸው የሚያዩት የዘርፌን ጣት ነው።

«ልጄን እንዴት በስስት ነው የያዙት» አለች።

ጣቷ ወደ ቁልፏ አልተመለሰም።