ከአጥር ወዲያ የሚጠበስ

ፈትያ ከደብረታቦር የላከችውን ቪዲዮ አዚዛ አራት ጊዜ አየችው። አንዲት ወጣት ግቢዋ ውስጥ ፍም አቀጣጥላ፣ ድንችና ሽንኩርት በእንጨት ሰክታ ትጠብሳለች፤ ጎረቤቶቿ ከበዋት ይስቃሉ። ፈትያ ከቪዲዮው ሥር ለእናቷ ድምጿን ቀድታ ልካለች።

«እማ፣ አንቺም እንዲህ አድርጊ። ድንቹን በግማሽ ቀቅለሽ ዘይትና ሚጥሚጣ ቀቢው። ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ እሸት ባቄላ ከነቅርፊቱ። ያደረ ዳቦ ነጭ ሽንኩርት ተቀብቶ ፍም ላይ ሲወጣ ያደረ አይመስልም። ምንም ወጪ የለውም። ጎረቤት ጥሪበት።»

ምክሩ ጥሩ ነበር። ባሏ ሰይፈዲን ከሞተ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ አዚዛ ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ የልቧን የምታወራው ለዶሮዎቿ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እነሱም እህል ሲያልቅ ጥለዋት ይሄዳሉ። ስጋ አለመኖሩ ደግሞ ይበልጥ ደስ አሰኛት። ጎረቤቶቿ ክርስቲያን ናቸው፤ እስላም ያረደውን እነሱ አይበሉም፣ እነሱ ያረዱትን እሷ አትበላም። ድንች ግን የሁሉም ነው።

ሐሙስ ዕለት አጥር ወደምትጋራት ወደ ይታይሽ ቤት ሄደች።

«እሁድ ከሰዓት ግቢዬ ውስጥ ትንሽ ነገር ልጠብስ ነው። ከመልካሙ ጋር ኑልኝ።»

«እሁድ?» አለች ይታይሽ፣ ወደ ባሏ ዞራ። መልካሙ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፤ ክሩ ግን ታስሮ ነበር።

«እሁድ እንኳ አይመችም እትዬ አዚዛ። ሥራ አለ» አለች ይታይሽ። ይሉኝታም አልያዛት፣ ወዲያው አስከትላ፣ «ያን ትልቁን ቢላዋዎን ቢያውሱኝ? ትሪውንና ድስቱንም» አለች።

አዚዛ አዋሰቻት። እምቢ ማለት አልለመደባትም።

ከዚያ ማዶ ያለችውን ደስታን ጠራች። «እሁድማ ይታይሽ ጋ...» ብላ ጀመረችና ደስታ አፏን በእጇ ያዘች። «ማለቴ፣ እንጃ፣ ካልደከመኝ እመጣለሁ።»

አዚዛ ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋችና ለፈትያ ደወለች።

«እሁድ አንድ ሰው የግቢዬን በር ከፍቶ ከገባ እዚሁ እኖራለሁ። ካልሆነ ሰኞ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣሁ፤ ቤቱንም አከራየዋለሁ።»

«እማ፣ ሠላሳ ዓመት የኖርሽበት ቤት?»

«ቤት ብቻውን ምን ይሆናል?»

ቅዳሜ ሻንጣዋን አዘጋጀች። ልብሷን ስታጥፍ ከአጥር ወዲያ ፍየል ይጮሃል። እሷም ሥራው ምን እንደሆነ ገባት፤ ድግስ ነው። ሰው ለድግሱ ባይጠራት አይገርማትም፣ መዋሸቱ ነው የከነከናት።

እሁድ ጠዋት ከይታይሽ በር አንድ ሰው እጅጌውን ወደ ታች እየመለሰ ሲወጣ አየች። መሕቡብ ነው፤ ከሰይፈዲን ጋር ጎን ለጎን ሲሰግድ የኖረው እህል ነጋዴ። ሲያያት ክው አለ።

«አንተንም ጠሩህ?» አለችው።

«አይ... እንዲያው ለሰላምታ ብዬ ነው። ሱቁን ክፍቱን ትቼው ነው የወጣሁት» ብሎ ዞር ብሎም ሳያያት ሄደ።

እሱ እንኳ ተጠርቷል። አዚዛ ሆድ ባሳት።

ቢሆንም ዙሁር ሰግዳ ፍሟን አቀጣጠለች። ሰይፈዲን ከግማሽ በርሜል ያሠራው ማንደጃ ላይ የሽቦ ፍርግርጉን ዘርግታ ድንቹን ደረደረች። የጥቅምት እሸት ባቄላ ቅርፊቱ ጠቆር ሲል ውስጡ በራሱ እንፋሎት ይበስላል። ቃሪያው ተንጣጣ፣ ዳቦው ወርቅ መሰለ። አራት በርጩማ አወጣች። አንዱን መልሳ አስገባች፤ ሦስት እንግዳ መጠበቅ ድፍረት መሰላት።

ማንም አልመጣም።

የመጣው የጥብስ ስጋ ሽታ ነው፣ ከአጥር ወዲያ፤ ከሳቅ ጋር። ነውር መሆኑን እያወቀች በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። ደስታ ዳቦ ትገምጣለች። መልካሙና ይታይሽ ሽሮ ከአንድ ትሪ ይበላሉ። ስጋው ግን የአዚዛ ትሪ ላይ ተቆልሏል፣ ፍሙም ላይ ሞልቷል፤ አንድም እጅ አልነካውም። መሃል ላይ ጋቢ የተነጠፈበት ወንበር ባዶውን ተቀምጧል።

ትልቅ እንግዳ እየጠበቁ ነው፤ እሱ ሳይቆርስላቸው ስጋውን አይነኩም። በገዛ ቢላዋዋ፣ በገዛ ትሪዋ!

ተመልሳ ተቀመጠች። አንድ ድንች አንስታ ነከሰች። ጣፋጭ ነበር፣ ይህም ይበልጥ አስለቀሳት። ደግ ነገር አብስሎ ብቻን መብላት ምን ያህል እንደሚከብድ ለማን ትንገረው? ስልኳን አውጥታ ለፈትያ ጻፈች፦ «ነገ ጠዋት መጣሁ።» ከዚያ ጆግ ሙሉ ውኃ ፍሙ ላይ ደፋችበት።

የግቢው በር ተከፈተ። ይታይሽ ናት፣ እያለከለከች።

«እትዬ አዚዛ፣ ምነው ቆዩ? በጥብሱ ሽታ ስበን እናመጣዎታለን ብለን እኮ ነው ዝም ያልን፤ ስጋው ሊያርብን ነው!»

አዚዛ ፊቷን አላዞረችም። «እንግዳችሁ ቀረ እንዴ?»

«የምን እንግዳ? መሕቡብ ነው ቢስሚላህ ብሎ ያረደው፣ እዚያ ካለነው አንዳችንም አንቀምሰው፤ ይነሱ በሉ!»